ዘበኛውና ድመቷ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ። ሊፍቱ ከገና ወዲህ የቆመ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ፤ አምስተኛ ፎቅ። በመስኮቱ የመግሪብ አዛንና የማታቱ ሚኒባሶች ክላክስ ተደባልቀው ይገባሉ። ባለሱቁ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሞባይል ዕቃ ይነግዳል፤ ናይሮቢ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሟ ለስፔሻሊቲ ትምህርት ከአዲስ አበባ የመጣች ጎረቤት ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ ትኖራለች። የባለሱቁ ሚስት፣ በሕንፃው ያለ ሐበሻ ሁሉ እትዬ የሚላት፣ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ከሰሉን ታራግባለች። ቡናው ገና አልተቆላም።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ቡናው ሳይቀርብ ክንድዎን ይስጡኝ። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ካልሞላ ቁጥሩ ያሳስታል።

ባለሱቁ፦ እኔ እኮ የነገርኩሽ ስለ ልቤ ነው። ግፊት ማን አለሽ?

ሐኪሟ፦ ልብና ግፊት የሚኖሩት አንድ ግቢ ነው። ጀርባዎን ያስደግፉ፤ እግርዎን አያነባብሩ። አሁን አምስት ደቂቃ ሳይናገሩ ይቀመጡ።

እትዬ፦ እሱ አምስት ደቂቃ ዝም ካለማ ቄስ ነው መጥራት!

(ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ለካች። ቁጥሮቹን አንድ አሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችና ከስኳር ዕቃው ሥር አስገባችው።)

ባለሱቁ፦ ምን አለ?

ሐኪሟ፦ ዛሬ የሚያስሮጥ ነገር የለም። ቡናው ሲያልቅ አብረን እናየዋለን። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ቀን ይንገሩኝ። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው።

ባለሱቁ፦ ቅዳሜ ማታ ነው። እዚሁ ቦታ ተቀምጬ ኳስ እያየሁ፣ እራት እየበላሁ። ማንም አላስደነገጠኝም፤ ዕዳ ጠያቂ አልመጣ፣ ፖሊስ በር አልመታ። እንጀራውን ጠቅልዬ አፌ ሳላደርስ ልቤ ዘለለ። ከዚያ እንደ ተፈታ ፈረስ ነጎደ። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ከንፈሬ ዙሪያ ጉንዳን ሄደብኝ፤ ቤቱ ውስጥ አየር አለቀ። በቃ፣ ሞትኩ አልኩ። ልጆቹን ልሰናበት ብዬ ስማቸው ጠፋኝ፤ የገዛ ልጆቼ ስም!

እትዬ፦ እኔ ውሃ ረጨሁበት። ጎረቤት ደርሶ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘበት፤ የሚጥል በሽታ መስሎት ነው መሰለኝ። እሱ ግን «ልቤን! ልቤን!» ይላል።

ባለሱቁ፦ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ካርድ ወጥቶ፣ ተራ ደርሶን፣ ደረቴ ላይ ገመድ ሲለጣጥፉ ነገሩ ለቆኝ ነበር። ዶክተሩ የኢሲጂውን ወረቀት አየት አደረገና «ሃኩና ሺዳ» አለኝ፤ ችግር የለም። ሂድና እረፍ። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ችግር የሌለበት ሰው እንደዚያ ይሆናል? ባለቤቴ ታክሲ ውስጥ በጎን አየችኝ። ያ አስተያየት ከሕመሙ ባሰ።

እትዬ፦ ምን አድርጌ አየሁህ? ደስ ብሎኝ እኮ ነው።

ባለሱቁ፦ ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት መጣ። ሦስተኛው ጁጃ ሮድ ላይ፣ ማታቱ ውስጥ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ። መስኮት ልሰብር ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ወዲህ ማታቱ አልሳፈርም። ሱቁን የእህቴ ልጅ ነው የሚከፍተው። ደረጃ ስወጣ በየፎቁ ቆሜ ልቤን አዳምጣለሁ። ሌሊት ትራስ ደራርቤ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። ሦስት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማሽን ላይ አስሩጠው መረመሩኝ፤ ሰነዱን አይተሽዋል።

ሐኪሟ፦ ያ ዶክተር ኢሲጂውን በማንሣቱ ጥፋት የለበትም። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ደረቴን ሲል ኢሲጂ ሳያነሡ፣ ደም ወስደው ትሮፖኒን ሳያዩ «ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት አይገባም። ያስቀየመኝ «ችግር የለም» ያለው ነው። ልብዎ አልተጎዳም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ምንም አልሆኑም ማለት ሌላ። ሆነዋል እንጂ! ስም ያለው ነገር ነው የሆኑት። ፓኒክ አታክ ይባላል።

ባለሱቁ፦ ፓኒክ ማለት ፍርሃት አይደል? እኔ እኮ አልፈራሁም እያልኩሽ ነው። ኳስ ነበር የማየው።

ሐኪሟ፦ ባለፈው ወር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢው ዘበኛ ፊሽካ የነፋ ጊዜ ትዝ ይልዎታል?

እትዬ፦ ያቺ ድመት!

ሐኪሟ፦ ቆርቆሮ ላይ ዘለለች፤ እሱ ሌባ መሰለው። ፊሽካው እውነተኛ ነው። ስምንት ፎቅ ሙሉ ሰው በፒጃማ መውረዱ እውነት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሶማሌ ጎረቤቴ ዱላ ይዞ ነው የወረደው። የሌለው ሌባው ብቻ ነው። በእርስዎ ሰውነት ውስጥም እንዲህ ያለ ዘበኛ አለ። ፊሽካውን ሲነፋ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ደም ከቆዳና ከሆድ ወደ እግር ጡንቻ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ይበዛል። ለመሮጥ ወይም ለመደባደብ የተሰናዳ ነው። ነገር ግን እርስዎ የሚሮጡበት የለም፤ እንጀራ ይዘው ተቀምጠዋል።

ባለሱቁ፦ የጣቴ መደንዘዝስ?

ሐኪሟ፦ እሱ ከትንፋሹ ነው። ሰው እንዲህ ሲሆን አየር ያለቀ ይመስለዋል እንጂ የሚተነፍሰው ከሚገባው በላይ ነው። ሲበዛ የተቃጠለው አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ከደሙ ውስጥ ከመጠን በላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ከንፈር ይወረራል፤ ጣት ይደነዝዛል፤ ራስ ይቀላል። የደረት ጡንቻ ደግሞ በከንቱ ሲለፋ ይታመማል። ድሮ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ተንፍስ ይባል ነበር፤ አሁን አይመከርም። ምክንያቱም ሰውየው የያዘው እውነተኛ የልብ ወይም የአስም ሕመም ከሆነ ኦክስጅን ማሳጣት ነው። የሚሻለው ወደ ውጭ የሚወጣውን ትንፋሽ ማስረዘም ነው፤ ትኩስ ቡና እፍ እንደሚሉት፣ ግን ቀስ ብሎ።

እትዬ፦ የኔ ውሃስ? ሳቁብኝ እኮ።

ሐኪሟ፦ አይሳቅም እትዬ። ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ ሲያርፍ የልብ ምት ዝቅ ይላል፤ ውሃ ውስጥ የሚጠልቁ እንስሳት ሁሉ ያላቸው ነገር ነው፣ ለኛም ጥቂት ተርፎናል። ክብሪቱን ግን ይተዉት።

ባለሱቁ፦ እሺ፣ ዘበኛው ድመት አየ እንበል። የኔ ድመት ምንድን ናት? ቤቴ ውስጥ ምን ዘለለ?

ሐኪሟ፦ ምናልባት ራሱ ልብዎ ነው። በቀን ውስጥ የሁላችንም ልብ ሳናውቀው አንዳንዴ ይስታል፣ ይደርባል። ጠግበው ሲበሉ፣ ሳይተኙ ሲያድሩ ይብሳል። ሌላው ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። እርስዎ «ምንድን ነው?» አሉ። ያ ጥያቄ ራሱ አድሬናሊን ጠራ፤ አድሬናሊኑ ልቡን አፈጠነ፤ ፈጣኑ ልብ «ይኸው ሞት» አስባለ። ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ክብ አስረድቶ ከጻፈ በኋላ ሕክምናው ሁሉ ተለወጠ። እና «አልፈራሁም» ሲሉኝ አምንዎታለሁ። ፍርሃቱ የመጣው ከልብ ምቱ ኋላ ነው። ጫፉ ላይ የሚደርሰው በአሥር ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ይወርዳል። አድሬናሊን እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ምንጭ አይደለም።

ባለሱቁ፦ ጭንቀት መባሉ ግን ያናድደኛል። ሰው ጭንቀታም ሲሉት ፈሪ ማለታቸው ነው።

ሐኪሟ፦ ይሄ ነገር መጀመሪያ በደንብ የተጻፈው በወታደሮች ላይ መሆኑን ያውቃሉ? ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1871፣ ጄኮብ ዳ ኮስታ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም ሦስት መቶ ያህል ወታደሮችን መርምሮ ጻፈ። ልባቸው ይዘላል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ልባቸው ሲመረመር ግን ጉዳት የለውም። «የወታደር ልብ» ተባለ። ፓኒክ የሚለው ስም በሕክምና መጽሐፍ ራሱን ችሎ የተቀመጠው በ1980 ነው፤ መቶ ዓመት አልፎት።

ባለሱቁ፦ እንደሱ ከሆነ ሰባተኛ ፎቅ ያሉት ሻምበል ነገር ገባኝ። በ1983 በኛ በሞያሌ ነው የገቡት፤ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ነበሩ። በየዓመቱ «ልቤ» እያሉ ኢሲጂ ይነሣሉ፤ በየዓመቱ ምንም የለም። እኛም እናሾፍባቸዋለን።

ሐኪሟ፦ ይህች ከተማ ራሷ ልቧ የሚዘል ከተማ ናት። ኃይለ ሥላሴ አቬኑ ከሞይ አቬኑ የሚገናኝበትን መናፈሻ አይተውታል?

ባለሱቁ፦ የአሜሪካ ኤምባሲ የነበረበት። በጃንሆይ ስም መንገድ አለ ሲሉኝ መጀመሪያ ላይ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ መታሰቢያው ግድግዳ ላይ ስሞቹን ሳነብ ዋልኩ።

ሐኪሟ፦ አርብ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1990 በኛ። 213 ሰው ሞተ። መጀመሪያ ትንሽ ፍንዳታ ተሰማ፤ ሰው ምንድን ነው ብሎ ወደ መስኮት ሄደ፤ ትልቁ ሲመጣ መስተዋቱ ፊታቸው ላይ ፈነዳ። ብዙዎች ዓይናቸውን ያጡት በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ፍራንክ ንጄንጋ የሚባሉት ኬንያዊ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከተጎዱት ከ2800 በላይ ሰዎችን አጠኑ፤ ሲሶው ያህል ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከባድ የድንጋጤ ምልክት ነበረበት። እኔን የሚገርመኝ የመስኮቱ ነገር ነው። ከዚያ የተረፈ ሰው ዘበኛ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ድምፅ ሲሰማ ፊሽካ ባይነፋ ነበር የሚደንቀው።

(ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ሁሉም ዘንድ ዞረ። ባለሱቁ በእጁ ወደ አፍንጫው ሳበና ዝም አለ።)

እትዬ፦ በፈረንጅ የ2014ቱን ንገራት።

ባለሱቁ፦ እኛን ማንም አልነካን፤ ምን እነግራታለሁ?

እትዬ፦ ያን ሚያዝያ ኢስሊ ውስጥ ቦምብ ከተጣለ በኋላ መንግሥት ዘመቻ አወጣ፤ ኡሳላማ ዎች። ስንት ሺህ ሰው ለማጣራት ካሳራኒ ስታዲየም ገባ። እኛ ጋ አልደረሱም። እሱ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የተኛው። የስደተኛ ወረቀታችንን በፌስታል ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ።

ባለሱቁ፦ ያለፈ ነገር ነው። አሥር ዓመት አልፎታል።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ አሁንም አልጋ ላይ ተደግፈው ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት ብለውኛል። ጫማውንስ ያወልቃሉ?

(ባለሱቁ አልመለሰም። እትዬ አቦሉን ቀዳች።)

እትዬ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ የኔ ልጅ። ሰው በድንጋጤ ይሞታል ይባላል። ውሸት ነው?

ሐኪሟ፦ ውሸት አይደለም፤ ግን በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ደግሞም ከፓኒክ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓኖች አንድ የልብ ሕመም ገልጸው ጻፉ። ከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ የደረሰበት ሰው፣ በብዛት ካረጡ በኋላ ያሉ ሴቶች፣ ሃርት አታክ በሚመስል ሕመም ይመጣሉ፤ የልብ ደም ሥራቸው ሲታይ ግን አልተዘጋም። የልቡ ታችኛው ክፍል ሥራ አቁሞ ተነፍቷል፤ አንገቱ ጠብቧል። ታኮትሱቦ አሉት፤ ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበት እንስራ ስም ነው። እትዬ ቢጽፉት ኖሮ ጀበና ይሉት ነበር፤ ይዩት፣ ሆዱ የተነፋ አንገቱ የቀጠነ። ጥቂቶች ይሞታሉ፤ አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ልባቸው ወደ ቅርጹ ይመለሳል።

እትዬ፦ አባቶቻችን ለዚህ ነዋ መርዶን እንደዚያ የሚጠነቀቁት። ንጋት ላይ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከመኝታው ሳይርቅ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ። «ታመዋል» ተብሎ መንገድ ተጀምሮ፣ ቤቱ በር ላይ ለቅሶው ሲሰማ ሰውየው ግማሹን በልቡ አውቆታል። ሐኪም አልነገራቸው፣ ምን አልነገራቸው።

ሐኪሟ፦ እኔም በተረኛ ሐኪምነቴ እንደነሱ ብሠራ እላለሁ። ብቻዬን ኮሪደር ላይ ቆሜ ለሰው ሞት የነገርኩባቸው ቀናት አሉ፤ አሁንም አፍራለሁ።

እትዬ፦ እኔ የእናቴን ሞት ከፌስቡክ ነው ያነበብኩት። እዚሁ ኢስሊ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ። ፎቶዋ አለ፤ ሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ሰው ሁሉ የሚያለቅስ ፊት ለጥፏል። ያስቀመጠው ልጅ መልካም ያደረገ መስሎት ነው። መቶ ሰው ቀድሞኝ አልቅሶ ነበር። ባለሽንኩርቷ ኬንያዊት ወንበሯን ለቃ አስቀመጠችኝና «ፖሌ ማማ፣ ፖሌ» እያለች ጀርባዬን ስታሽ ዋለች። እሷ ናት መርዶ ነጋሪዬ።

ባለሱቁ፦ ይሄን አልነገርሽኝም።

እትዬ፦ አልጠየቅከኝማ።

(ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የስኒ ድምፅ ብቻ ነበር።)

ባለሱቁ፦ እሺ ዶክተር፣ ቁርጡን ንገሪኝ። ይሄ ፓኒክ ልቤን ይጎዳዋል ወይስ አይጎዳውም?

ሐኪሟ፦ ደህና ልብ ለአሥር ደቂቃ፣ በየደቂቃው መቶ ሠላሳ ቢመታ አይጎዳም። ኳስ የሚጫወት ልጅ ልብ ከዚያ በላይ ለአንድ ሰዓት ይመታል። ሲመጣ የሚፈሩት ሞት በዚያች ደቂቃ አይመጣም። ዓመታቱን ከጠየቁኝ ግን መልሴ ይረዝማል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ፓኒክ ያለባቸው ሰዎች ወደፊት የልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው በግማሽ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከነዚያ መካከል ግን መጀመሪያውኑ ልባቸው ታሞ «ፓኒክ ነው» የተባሉም አሉበት። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አልውጠውም።

ባለሱቁ፦ ሐኪም ይሳሳታል ማለት ነው?

ሐኪሟ፦ በሁለቱም በኩል! ሞንትሪያል ባለ አንድ የልብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረቴን ብለው የመጡ 441 ሰዎች ተጠንተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። ሩቡ፣ 108ቱ፣ ፓኒክ ነበረባቸው። የልብ ሐኪሞቹ ከመቶው ዘጠና ስምንቱን አላወቁትም፤ እንደርስዎ «ምንም የለም» ብለው ነው የሸኟቸው። ልብ ይበሉ ደግሞ፦ ከነዚህ ፓኒክ ካለባቸው 44 በመቶዎቹ እውነተኛ የልብ ደም ሥር በሽታም ነበረባቸው። ድመቷም ሌባውም አንድ ግቢ ሊገቡ ይችላሉ። ዳገት ሲወጡ የሚመጣና ሲቆሙ የሚተው የደረት መጨነቅ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያለው፣ ሩብ ሰዓት አልፎ የማይለቅ፣ ራስ የሚያስት ከሆነ «ዶክተሯ ፓኒክ ነው ብላኛለች» ብለው እንዳይቀመጡ። ይሂዱ። እኔ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ «ይሄ ሁለተኛ አይመጣም» ብል እንኳ ይሂዱ።

ባለሱቁ፦ ታዲያ በደህናው ልብ ላይ ዓመታቱ የሚያደርጉት ምንድን ነው?

ሐኪሟ፦ የሚጎዳው አታኩ ሳይሆን ኑሮው ይመስለኛል። ሦስት ወር ሙሉ አልተራመዱም። አልተኙም። ሱቅ ውስጥ ምራ፣ የዚህን አገር ጫት፣ ይቅማሉ ብዬ ልገምት?

እትዬ፦ ገመተች! እኔ አልነገርኳትም፤ መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው።

ባለሱቁ፦ ያቺ እንኳ ትንሽ ናት። እንዳልተኛ ነው... ማለቴ፣ ቀን እንዳላንቀላፋ።

ሐኪሟ፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአድሬናሊን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ዘበኛው ተሳስቶ ፊሽካ ይነፋል እያልን ለእሱ ሌላ ፊሽካ መግዛት ነው። በየመን በተደረገ ጥናት አብዝተው በሚቅሙ ሰዎች ላይ ሃርት አታክ በብዙ እጥፍ በዝቶ ታይቷል። ቀን ምራ፣ ማታ ደግሞ ከፋርማሲ...?

ባለሱቁ፦ ግማሽ ቫሊየም። አንዳንዴ።

እትዬ፦ አንዳንዴ ማለት ከሰኞ እስከ እሑድ ነው።

ሐኪሟ፦ እሱንም በአንድ ቀን አይተዉት፤ በድንገት መቋረጡ ራሱ ያስበረግጋል። ቀስ እያልን እንቀንሳለን። ለፓኒክ የሚሰጡት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ሱስ አያሲዙም። ከመድኃኒቱ ጋር ወይም ብቻውን የሚሠራው ደግሞ ያ ክላርክ ያልኩዎት ሕክምና ነው፤ ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የሚፈሩትን የሰውነት ስሜት ደጋግሞ መጋፈጥ።

እትዬ፦ ፀበልስ?

ሐኪሟ፦ ይውሰዷቸው። ግን ኪኒን ያቁም የሚል ካለ እኔን ይጥሩኝ፤ እኔም ጾሜን የምጾም ሰው ነኝ፣ እንነጋገራለን። ቡናውንም ይቀንሱላቸው እትዬ። ቡና ራሱ ሕመሙ ባለበት ሰው ላይ ሊያስነሣው ይችላል፤ ጋሼ፣ አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ለኛ ይተዉ።

ባለሱቁ፦ ይሄ እንኳ ግፍ ነው። (ስኒውን አስቀመጠ።) በይ ወረቀቱን አምጪ።

(ሐኪሟ ደረሰኙን ከስኳር ዕቃው ሥር አወጣች።)

ሐኪሟ፦ የመጀመሪያው 156 በ98። ሁለተኛው 152 በ96። መሆን የነበረበት ከ140 በ90 በታች ነው።

ባለሱቁ፦ እኔን? አሁን? እኔ እኮ አሁን ምንም አላመመኝም! ልቤም ጸጥ ብሏል። ማሽንሽ ተበላሽቶ እንዳይሆን።

ሐኪሟ፦ በሌላ ቀንም ደግመን እንለካለን፤ በአንድ ማታ የግፊት ታማሚ ብዬ አልጽፍዎትም። ያለፈው ሳምንት ምርመራ ላይ ግን ሰነዱን ሳየው 150 በ94 ተጽፎ ነበር፤ ከኢሲጂው ጋር። የዚያ የመጀመሪያው ማታ ወረቀት ላይም የላይኛው ቁጥር 168 አለ። ማንም አላነሣልዎትም። ሁላችሁም የተከራከራችሁት ሃርት አታክ ነው ወይስ ምንም አይደለም በሚለው ነው። ጋሼ፣ እኔ እርስዎን የምፈራልዎት በዚህ ነው። ያኛው እየጮኸ፣ ጎረቤት እየቀሰቀሰ ይመጣል፤ አይገድልም። ይሄኛው በር አያንኳኳም። ደም ሥርን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን እያሻከረ ዓመታት ይቀመጣል፤ አብዛኛው ሰው ራሱን እንኳ አያመውም።

ባለሱቁ፦ ሦስት ወር ሙሉ ልቤን ሌት ተቀን ሳዳምጥ...

ሐኪሟ፦ በጆሮ አይሰማም፤ በዚህ ጨርቅ ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2015 መላ ኬንያ ላይ በተደረገ ጥናት ከጎልማሳው ሩብ የሚጠጋው ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ደግሞ አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም ነበር። እትዬ፣ እርስዎ መቼ ተለኩ?

እትዬ፦ እኔ? እኔ ምን ሆንኩና ነው የምለካው? ይልቅ ሁለተኛው ሊወርድ ነው።

ሐኪሟ፦ ይቆይልን። ጋሼ፣ ይነሡ። ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ላይ ሮጠው ነበር፤ የልብ አልትራሳውንዱም ደህና ነው። ስለዚህ ሐኪምዎ ሆኜ ነው የማዝዝዎት። ጣራው ድረስ እንወጣለን። ሦስት ፎቅ። መሐል ላይ ቆሞ ልብ ማዳመጥ የለም።

ባለሱቁ፦ አሁን? ከነግፊቴ?

ሐኪሟ፦ ይሄን ያህል ግፊት ደረጃ አይከለክልም፤ እንዲያውም ይወድልዎታል። ልብዎ እንዲመታ ነው የምፈልገው። እንዲመታ አድርገን፣ ሞት ሳይመጣ ሲቀር ቆመን እናያለን።

(በስድስተኛው ፎቅ መብራት የለም። ባለሱቁ በስልኩ ያበራል። ሰባተኛው ላይ የሻምበል ቤት ሬዲዮ ይሰማል። ጣራው ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከታች ኢስሊ ሙሉ በጄነሬተርና በሱቅ መብራት ታበራለች።)

ባለሱቁ፦ መጣ! ይኸው መጣ። እንደዚያን ቀን ነው። ጉሮሮዬ...

ሐኪሟ፦ ጣትዎን እዚህ፣ ከአውራ ጣትዎ ሥር። አሥራ አምስት ሰከንድ ይቁጠሩ፤ በአራት ያባዙት።

ባለሱቁ፦ ...ሠላሳ አንድ። መቶ ሃያ አራት።

ሐኪሟ፦ አይቀመጡ። ወደ ውጭ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። የሻምበልን አንሶላ እያዩ። አሁን እንደገና።

ባለሱቁ፦ ሃያ ስድስት። መቶ አራት። (ቆየ።) ሃያ ሦስት። ዘጠና ሁለት። ማንም ምንም ሳያደርገው ወረደ እኮ!

(ደረጃው ላይ የሸበጥ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ሁለት ስኒ በትሪ ይዛ እያለከለከች ብቅ አለች።)

እትዬ፦ ቶናው ቀዘቀዘ ብዬ... ወይኔ እናቴ፣ ልቤ! ይሄ ደረጃ ልቤን ሊያወጣው ነው።

ባለሱቁ፦ (ትሪውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና አንጓዋን ያዘ።) ዝም በይ። አትናገሪ። አሥራ አምስት ሰከንድ። ዶክተር፣ ያንን ጨርቅ አምጥተሽዋል?